እናቴና ያልተጨረሰው ጊምብሪ

እናቴ ያን ቅዳሜ ከእኔ ጋር ኦክላንድ የሄደችው ቤት አብሯት የሚቆይ ሰው ስላልነበረ ነው። ባለቤቴ ኒውአርክ ያለው መጋዘን ውስጥ ሺፍት ነበረው፤ ልጃችን ጓደኛዋ ልደት ሄዳለች። እናቴን ደግሞ ሳን ሆዜ ከመጣች ወዲህ ብቻዋን ትተናት አናውቅም።

"መኪና ውስጥ እቆይሻለሁ" አለችኝ ነጠላዋን እያጣፋች። "አንቺ ሥራሽን ሠርተሽ ነይ።"

መኪና ውስጥ እንደማላስቀምጣት እያወቀች ነው።

ሥራ ያለችው የእንጀራ ሥራዬን አይደለም። የእንጀራ ሥራዬ ሳኒቬል ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ የሚፈተሽበት ላቦራቶሪ፣ ላብ የምንለው ውስጥ። ገመድ የሌለው ማዳመጫ ድምፁ ከምስሉ ወደ ኋላ እንዳይቀር እየለካሁ አስተካክላለሁ። በዲቪ መጥቼ ብዙ ዓይነት ሥራ ከሠራሁ በኋላ ያገኘሁት ነው፤ እወደዋለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችንን ሳውንድ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ይህን የሚያውቅ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው ለዚያ ቅዳሜ የለመነኝ።

ባልደረባዬ ሞሮኳዊ ነው። ላብ ውስጥ ከጎኔ ይቀመጣል፤ ዝምተኛ፣ ምሳውን ኪቦርዱ ላይ የሚበላ ሰው ነው። ጊምብሪ እንደሚጫወት ያወቅሁት አንድ ቀን መሣሪያውን ለመፈተሻ ድምፅ ብሎ ይዞ ሲመጣ ነው። ጊምብሪ ረጅም ሳጥን የሚመስል፣ የግመል ቆዳ የተወጠረበት፣ ሦስት ወፋፍራም ጅማት ያለው መሣሪያ ነው። ሲመታ በጆሮ ከመሰማቱ በፊት ሆድ ውስጥ ይሰማል። ላቡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀና ብለው አዩት። እሱ አፈረ።

"የግናዋ ሙዚቃ ነው" አለኝ። ግናዋ የሚባሉት በድሮ ዘመን ከሰሃራ በታች ባሪያ ተደርገው ሞሮኮ የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች ናቸው። አባቱ የዚህ ሙዚቃ ሊቅ ነበሩ። "አባቴ ለበሽተኛ ነበር የሚጫወቱት። መንፈስ የያዘው ሰው ቤት ይጠራሉ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ገብተው ሲነጋ ይወጣሉ። ሥርዓቱ ራሱ ሊላ ነው የሚባለው።"

"ሌሊት ማለት ነው?"

"ሌሊት። በእናንተም እንደዚያ ነው?"

"በኛም ሌሊት ነው።"

"እኔ ግን በቀን ነው የምጫወተው" አለና ሳቀ። ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከላፕቶፕ ከሚወጣ ከበሮ ጋር ቀላቅሎ የሚጫወት ባንድ አለው። ፓርክ ውስጥ፣ የሰው ሠርግ ላይ፣ የቢራ መሸጫ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ። የሳውንድ ሰዋቸው ታሞ ነው ወደኔ የመጣው።

ኦክላንድ ሐይቁ ዳር ስንደርስ መድረኩ ተተክሏል። እሱ እናቴን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና "ላላ" አላት። በነሱ አገር ለተከበረች ሴት የሚባል ነው። እናቴ ወደኔ ዞረች።

"ምኑ ነው የላላው?"

ስነግራት አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ያን ሳቅ ደጋግሜ አስባለሁ። ከድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር አጠገብ ታጣፊ ወንበር ዘረጋሁላት፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደምትቀመጠው ተቀመጠች።

መጀመሪያ የተጫወቱት ለዳንስ የተሠራውን ነበር። የላፕቶፑ ከበሮ ይመታል፣ ሁለት ሰዎች ክራቀብ የሚባሉትን የብረት ማጨብጨቢያዎች በእጃቸው ያጋጫሉ፣ ጊታሩ ከላይ ይጮሃል። ሰዉ መጠጡን ይዞ ይወዛወዛል። እኔ ጊምብሪው በከበሮው እንዳይዋጥ የታችኛውን ድምፅ ቀስ እያልኩ ከፍ አደርግ ነበር። መሀል ላይ ባልደረባዬ ከበሮውን ቀነሰና ጊምብሪውንና ብረቶቹን ብቻ ያስቀረ አንድ ረጅም ዜማ ጀመረ።

እናቴ አዛጋች። ደግማ አዛጋች፤ እንባዋ እስኪወርድ። ደክሟት መስሎኝ ውሃ አቀረብኩላት፤ አልተቀበለችኝም። ፊቷን ሳይ ወደኔ እያየች አይደለም። ግራ ትከሻዋ ብቻውን ሽቅብ ቁልቁል ማለት ጀመረ፤ ቀሪው ሰውነቷ ዝም ብሏል። ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራታ ሳሩ ላይ ተንበረከከች። አንገቷ ይዞር ጀመር፤ በመጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ ነጠላዋ ወድቆ ሽበቷ እስኪበተን ድረስ። ከደረቷ የወጣውን ድምፅ ከእናቴ ሰምቼው አላውቅም። አጓራች።

ዛር የሚለው ቃል እኛ ቤት ተነግሮ አያውቅም። እኔ የማውቃት እናቴ ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ መዝሙር ያስጠናችኝ፣ ጎረቤት እቃ ሲሰበር እንኳ "ጌታ ያውቃል" የምትል ሴት ናት። ቃሉ ግን ማንም ሳይነግረኝ መጣልኝ።

ሰዎች ክብ ሠሩ። ስልካቸውን አወጡ። አንዲት ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ቢዩቲፉል" ትላለች። ሌሎች ከብረቶቹ ጋር ያጨበጭባሉ። አንድ እጄ እናቴ ጀርባ ላይ፣ አንድ እጄ ሚክሰሩ ላይ ነው። ላጥፋው? ልተወው? ወደ መድረኩ ቀና ስል ሞሮኳዊው ጓደኛዬ እያየን ነው። ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳታጠፊ ማለቱ ነው። ጊታሪስቱን በእጁ አስቆመው፣ ላፕቶፑን ዘጋው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለሰዉ አልተጫወተም። ዓይኑ የእናቴ ትከሻ ላይ ነበር። ትከሻዋ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል። ብረት የያዙት ሁለቱ ወርደው አጠገባችን ቆሙ።

አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ አስተባባሪ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ።

"ሰዓት አልቋል። የድምፅ ማጉያ ፈቃዳችን እስከዚህ ሰዓት ነው።"

"እናቴ ናት። ጥቂት ብቻ፤ እስክትጨርስ።"

"ይገባኛል። ግን ካለፍን ለሚመጣው ጊዜ ፈቃድ ይከለክሉናል። ሶሪ፣ እውነቴን ነው።"

መጥፎ ሰው አልነበረም። ፊቱ ላይ ጭንቀቱ ያስታውቅ ነበር። እኔ አልነካም ስለው ራሱ ሄዶ ከጄኔሬተሩ ነቀለው።

ጊምብሪ ያለ ማጉያ ሜዳ ላይ አይሰማም። ጓደኛዬ መምታቱን አላቆመም፤ ጣቶቹ ሲሄዱ አያለሁ፣ የሚሰማው ግን ብረቱ ብቻ ነው። ብረቶቹን አስቆማቸው። ያኔ ምንም አልተሰማም። የእናቴ አንገት በዞረበት ቀረ። አፏን ከፍታ ነበር፣ የሆነ ነገር ልትል። እጇ እንደተዘረጋ በጎኗ ወደቀች።

ጓደኛዬ ከመድረኩ ዘሎ መጣ። "እንዲህ አይቆምም" አለኝ። "እንዲህ መቆም አልነበረበትም።" ይህንኑ ደጋገመው።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች ብል ውሸት ነው። እሷው ናት፤ ግን የተከደነች። በጠዋት ትነሣለች፣ ትታጠባለች፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ስታናግራት ትመልሳለች፤ ዘግይታ። ምግብ ሁለት ጊዜ ትቆርስና ትተወዋለች። ግራ ትከሻዋ በየመሀሉ ይነሣል። ስትተኛም አይተኛም።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። በእንግሊዝኛ "እማማ መቼ ነው የሚሻላት?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እናት ስትሆኚ አላውቅም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ነው የገባኝ።

አፖይንትመንት ይዤ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። አስተርጓሚው ስክሪን ላይ ያለ ጨዋ ሰውዬ ነው። ሐኪሟ የጠየቀችውን አቅንቶ ተረጎመ።

"እናቴ፣ ድምፅ ይሰማዎታል ወይ?"

"አዎ፤ የእርስዎ ይሰማኛል" አለች እናቴ።

ሰውዬው ሳቁን ዋጠ። በብዙ ቀን ውስጥ ተጫውታ የመለሰችው እሱን ብቻ ነበር፤ ለቀልድ ይሁን ከልቧ ይሁን አላውቅም። ደሟን አዩ፣ ጭንቅላቷን በማሽን አዩ፣ ሁሉም ደህና ነው። ሐኪሟ አዲስ አገር መልመድ ለአረጋውያን ከባድ እንደሆነ ነገረችኝና ለጭንቀት የሚሆን ኪኒን አዘዘች። ስለ ጊምብሪው ልነግራት አፌን ከፈትኩ። በእንግሊዝኛ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ፤ ዘጋሁት።

ፓስተራችን ከባለቤታቸው ጋር ቤት መጡ። እጃቸውን ጭነው ረጅም ሰዓት ጸለዩ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና በየዐረፍተ ነገሩ አሜን አለች። ሲወጡ በር ላይ አቆምኳቸው።

"ፓስተር፣ ምን ይሻላል?"

ወደ መኪናቸው አዩ። "አገር ቤት ብዙ አይቻለሁ። የሚጮኸውን፣ የሚቃወመውን አውቃለሁ። እናትሽ ግን አሜን ይላሉ። አሜን የሚል ሰው ላይ ምን ብዬ ልገሥጽ?" አሉኝ። "መጸለያችንን አንተውም፤ ሌላ የምልሽ የለኝም።"

እናቴ የነገረችኝ ልብስ ስናጥፍ ነው። የልጄን ካልሲ ከጥንዱ ጋር እያገናኘች፣ ሳልጠይቃት ጀመረች።

"ያልነገርኩሽ ልደብቅሽ ብዬ አይደለም። አልቆ ነበር" አለች። "አንቺ ሳትወለጂ፣ ኮምቦልቻ ሳለን፣ ታምሜ አልጋ ያዝኩ። ሐኪም ቤት ምንም አላገኙም። አባትሽ ተጨንቆ አንዲት ባለ ውቃቢ ጋ ወሰደኝ። እዚያ ከበሮ ተመታ፣ አንገቴን እያዞርኩ ጉሪ ወረድኩ፣ የያዘኝ ያለውን ተናገረ፣ ተለቀቅኩ። ተነሥቼ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ የሚመጣው በዓመት አንድ ቀን ነበር። አንድ ቀን ብቻ፤ ቀሪውን ደህና ነኝ።"

"ከዚያስ?"

"አንቺ ስትድኺ ጌታን ተቀበልኩ። ጨሌዬን ሰው ሁሉ እያየ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ መጥቶ አያውቅም፤ እግዜር ምስክሬ ነው።"

"ይሄ ያው ነው፣ እማዬ?"

ካልሲውን ይዛ አሰበች። "ቋንቋው ሌላ ነው። ያ ልጅ የሚለውን አንድ ቃል አልሰማሁም። አመጣጡ ግን ያው ነው፤ ከእግር ነው የሚጀምረው። አወቅሁት።" ትከሻዋ ተነሣ፤ እስኪወርድ ጠበቀች። "ሊናገር አፉን ከፍቶ ተዘጋበት። ይኸው፣ መውጫ አጥቶ እዚህ ተቀምጧል።"

ያጠፍኩትን ፎጣ ፈትቼ ደግሜ አጠፍኩት።

"ጌታዬን አልተውኩም" አለች። "ውቃቢ ጥሪልኝ ብዬሽም አይደለም። ብቻ ያ ልጅ የጀመረውን ይጨርሰው።"

ለባለቤቴ ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ ሰማኝ። "እናትሽ ናት፤ የመሰለሽን አድርጊ" አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። እኔ ግን የመሰለኝ ነገር አልነበረኝም።

ሰኞ ሳኒቬል ፓርኪንጉ ውስጥ ጓደኛዬን ጠብቄ ጠየቅሁት። መኪናው ላይ ተደገፈ።

"አልችልም" አለ።

"ያን ቀን እኮ ስትጫወትላት ነበር።"

"ያን ቀን ራሷ መጣች፤ እኔ ተከተልኳት እንጂ አልመራኋትም።" ከዚያ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። መንፈሶቹ በየወገናቸው ቀለም አላቸው፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ዜማዎች አሉት፣ ዜማዎቹም ተራ አላቸው። በተራ ይከፈታል፣ በተራ ይዘጋል። "እኔ የማውቀው ለመድረክ የሚያምሩትን ነው። ከየቀለሙ አንድ ሁለት። መካከል ያሉትን፣ ረጃጅሞቹን፣ ለሰሚ የሚሰለቹትን አላውቃቸውም። አባቴ ሊያስተምሩኝ ሲሉ እኔ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ እያጠናሁ ነበር፤ እሳቸውም አጥና አሉኝ። እናትሽን የያዛት የትኛው ቀለም እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም።"

"አባትህ?"

"ዐርፈዋል። አጎቴ አሉ፣ ኤሳዊራ። እጃቸውን ያማቸዋል፤ ግን ይጫወታሉ።"

አጎቱ በቪዲዮ እንዲጫወቱላት የተስማማነው እንዲህ ነው። ቦታው ሳን ፓብሎ፣ እሱ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ጋራዥ ሆነ። እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ ምሽት ነው። ቀድሜ ሄጄ ሁሉን ነገር ራሴ ገጣጠምኩ። ዋይፋዩን ትቼ በገመድ አገናኘሁት፤ ድምፁን የሚያዘገየውን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣሁ። ሥራዬ ነው፤ በዚህ ነው የምተዳደረው። ከዚያ አጎቱ እዚያ እንዲያጨበጭቡ፣ እኛ እዚህ እንድንከተል አደረግን። ጭብጨባችን እንደ ገደል ማሚቶ እየተከታተለ መጣ። ደግሜ አስተካከልኩ፣ ደግመን አጨበጨብን። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በመካከላችን ያለው ባሕርና መሬት ነው፤ እሱን የምቀንስበት ቁልፍ የለኝም።

እናቴ ነጭ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ቢጫ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስልኩን ሌላ ሰው ይዞላቸዋል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ እናቴም ጎንበስ አለች።

"ሰላም" አሏት።

"ሰላም" አለች።

ለሁለቱም አንድ ቃል ሆነ። አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ጀመሩ። ድምፃቸው ከጓደኛዬ ይልቅ ደረቅ ነው፤ ጣታቸው ቢስትም አያመነታም። በመጀመሪያው ቀለም ምንም አልሆነችም። ሁለተኛውም አለፈ። ከዚያ ረጅምና ተመላላሽ የሆነ አንድ ዜማ ሲጀምሩ እናቴ አዛጋች። ትከሻዋ ተነሣ፤ እግሯ ምንጣፉን መምታት ጀመረ። ጓደኛዬ ብረቶቹን አንሥቶ ለመከተል ሞከረ፤ እሱ የመታው እዚያ ዘግይቶ ይደርሳል፣ አጎቱ ይሰሙና ይደናቀፋሉ። አስቀመጠው። እናቴ ትከሻዋ ሲፈጥን ሽማግሌው ያዩታል፣ ይፈጥናሉ፤ ያኔ ግን እሷ ዘግይታለች። እሷ ስትዘገይ እሳቸው ገና ፈጣኑ ላይ ናቸው። እንዲህ እየተላለፉ ትንሽ ሄዱ። እናቴ ለመነሣት በአንድ እጇ ምንጣፉን ተመረኮዘች፤ ግማሽ ተነሥታ ቆመች፣ ደግሞ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ያየሁት ደረጃ አለ ብሎ የረገጠ፣ ባዶ ያገኘ ሰው ፊት ነው።

ሽማግሌው አቆሙ። በዐረብኛ ረጋ ብለው ተናገሩ፤ ጓደኛዬ ተረጎመልኝ።

"እኔ የማየው ቅድም የነበረችውን ነው ይላሉ። እሷ አልፋ ሄዳ እኔ ላለፈው ነው የምጫወተው። ይህ ይጎዳታል እንጂ አይረዳትም።" ወደ ጊምብሪው አየ። "አንተ አጠገቧ ነህ፤ አንተ ተጫወት ብለውኛል።"

ጊምብሪውን አነሣ። አጎቱ ከስክሪኑ እያዩት የሚያውቀውን ሁሉ ተጫወተ። ሲጨርስ ከመጀመሪያው ደገመው። አጎቱ አንዳንዴ ቃል ጣል ያደርጉለታል፤ አንዳንዴ ያንጎራጉሩለትና ለመያዝ ይሞክራል። ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል። እኔ ጥግ ይዤ የእናቴን ትከሻ አያለሁ። ነይ፣ ጀምሪ እያልኩ። እኔ፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ዛር እየለመንኩ ነበር።

እናቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሰው ቤት ሄዶ የቀረበለትን እንደሚቀምስ እንግዳ በአክብሮት አዳመጠች። ጨርሶ ጊምብሪውን ሲያስቀምጥ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። እጅህ አይድከም" አለችው። ተረጎምኩለት። ገመድ ለመጠቅለል ጎንበስ አለ። ከስክሪኑ ሽማግሌው ምን ሆነች ብለው እየጠየቁ ነበር።

ስንመለስ ሀይዌዩ ተዘጋግቶ ነበር። ኦክላንድን ስናልፍ ነው ያናገርኳት።

"አልመጣም እንግዲህ" አልኳት።

"መጥቶ ነበር። በሽማግሌው ጊዜ በር ድረስ መጥቶ ነበር። ሲጠራና ሲተው፣ ሲጠራና ሲተው... ተመለሰ።" ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም፤ ያወቅሁት መስተዋቱ በትንፋሿ ሲደበዝዝ ነው። መሪውን ይዤ የፊተኛውን መኪና መብራት አያለሁ። መሀረብ እንኳ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወር አለፈ። እናቴ ትበላለች፤ ኪኒኗን ትወስዳለች፤ ከልጄ ጋር ቲቪ ታያለች። አልፎ አልፎ ትስቃለች። ትከሻዋ ግን እንደዚያው ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቤዝ ጊታሩ ዝቅ ብሎ ሲገባ ይነሣል፤ በቀኝ እጇ ትይዘዋለች። እኔ ከኋላ ከሚክሰሩ አያታለሁ። አንድ ሰሞን ቤዙን መቀነስ ጀመርኩ። የመዘምራኑ ቤዝ ተጫዋች "የኔ ድምፅ የት ሄደ?" እያለ ይጠይቀኛል፤ ስፒከሩ ነው እለዋለሁ። እናቴ ነቃችብኝ።

"አትቀንሽበት" አለችኝ ወደ ቤት ስንሄድ። "ለሕዝቡ ነው የሚጫወተው። እኔ እይዘዋለሁ።"

ጓደኛዬ ከባንዱ ወጣ። ባንዱ ግን አልቆመም፤ ጊምብሪውን ቀድመው የቀዱት አላቸው። ላፕቶፑ ውስጥ ቆራርጠው ከከበሮው ጋር አስማምተውታል። አንድ ጊዜ ባለቤቴ ስልኩ ላይ አሳየኝ፤ ሳንታ ክሩዝ ባሕር ዳር ሲጫወቱ ነው። ሰዉ ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ይመስላል። አንድም ቦታ ከምቱ አይዛነፍም። መድረኩ ላይ ጊምብሪ የያዘ ሰው የለም።

እሱ ረጅም ፈቃድ ወስዶ ኤሳዊራ ሄደ። ከአጎቱ ሙሉውን ተራ ሊማር። በቅርቡ በዕረፍት ሰዓቴ ደወለልኝ።

"አጎቴ ይረሳሉ" አለ። "አረንጓዴው ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያቆማሉ፤ እዚህ ጋ የሚመጣውን አባትህ ነበር የሚያውቀው ይሉኛል። ተራውን ሙሉ የሚያውቁ አንዲት አሮጊት አሉ፤ እሳቸውም ታመዋል፣ ሰው አያስገቡም። እዚህም እኮ አሁን መድረክ ነው፤ ከእኔ የሚያንሱት ልጆች ፈጣን ፈጣኑን ነው የሚፈልጉት።" ከኋላው የንፋስ ድምፅ ይሰማል። "እመለሳለሁ። ግን ሙሉውን ይዤ አልመጣም። ለላላ ንገሪያት። ትጠብቀኝ እንደሆን ጠይቂልኝ።"

ያን ቀን ቀደም ብዬ ወጣሁና ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

"ጎደሎውን ይዞ ቢመጣ ምን ያደርጋል?" አለች።

"አላውቅም፣ እማዬ።"

"እኔም አላውቅም።" ከሳህኑ አንዲት ጠጠር አወጣች። "ይምጣ ግዴለም። ምን ሌላ ሥራ አለኝ፣ እጠብቀዋለሁ በይው።"

ልጄ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ሁለታችን በእግራችን ሄደን ልንቀበላት ተነሣን። እናቴ በር ላይ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ስትል ትከሻዋ መጣባት። ልይዝላት እጄን ሰደድኩ፤ እጄን መልሳ በራሷ ያዘችው። አጠገቧ ቆሜ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።